የአሮጌ አውቶሞቢል የፍጥነት መለኪያ ስለ ማቅናት

በገበያ ቀን እህል የሚሰፍር ነጋዴ ቍናውን አጕድሎ የተገኘ እንደ ሆነ ገዢው ይጮኻል፤ ደንብ አስከባሪ ይጠራል፤ ነጋዴውም እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀጣል። ሐሰተኛ ሚዛን መያዝ በመጻሕፍት የተነቀፈ ሥራ መሆኑን ካህናት ለሕዝቡ ዘወትር ያስተምራሉ፤ መንግሥትም ሚዛንንና መስፈሪያን የሚመረምር ባለሙያ አቁሟል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግበት ምክንያት ግልጥ ነው። ሰው በዓይኑ ገምቶ ሊደርስበት የማይችለውን ነገር የሚነግረው መለኪያው ነውና፥ መለኪያው በተሳሳተ ጊዜ ልቡ ንጹሕ የሆነው ሰው እንኳ ሳያውቀው ሐሰትን ይናገራል፤ ሐሰትንም ይጽፋል።

ከነዚህ መለኪያዎች አንዱ ግን የሚመረምረው ሰው ሳያገኝ ብዙ ዓመት ይኖራል። እርሱም በአሮጌ አውቶሞቢል ውስጥ ከሾፌሩ ፊት ተተክሎ ፍጥነቱንና የተሄደውን መንገድ የሚያመለክተው ነው። ዘይቱ በጊዜው ይለወጣል፤ ፍሬኑ ይታያል፤ ጎማው ይነፋል፤ የመለኪያው ቀስት ግን ከተንቀሳቀሰ ደኅና ነው ተብሎ ይታለፋል። ቀስቱ መንቀሳቀሱ እውነት መናገሩ አይደለም። ዘንዶ መስሎ የሚታየው ሁሉ ዘንዶ እንዳልሆነ፥ የሚወዛወዝ ቀስት ሁሉ መለኪያ አይደለም።

በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ ይህን ያህል ማተኰር ስለ ምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ካገለገሉ በኋላ ከውጭ አገር በሚገቡ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ በቶሎ የሚሰናበቱ አይደሉም፤ እየተጠገኑ፥ ዕቃቸው እየተለዋወጠ፥ ጎማቸው እየተተካ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። መለኪያን የሚያሳስተውም ይኸው ዕቃን መለዋወጥና ጎማን መተካት ነው።

መሣሪያው እንደምን እንደሚሠራ የተረዳ ሰው ስሕተቱ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ አይቸገርም። የስትራስቡርጉ መሐንዲስ ኦቶ ሹልዘ ለዚህ መሣሪያ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1895 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1900 ዓ.ም. ነበርና፥ መለኪያው ከአውቶሞቢሉ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ለማለት ይቻላል። ከዚያም ወዲህ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የያዙት መለኪያ በዚሁ ሥርዐት የሚሠራ ነው።

በካምቢዮው በስተኋላ ካለው ጥርስ ተነሥቶ አንድ ቀጭን የብረት ገመድ በሽፋኑ ውስጥ እየተሽከረከረ እስከ መለኪያው ድረስ ይመጣል። በመለኪያው ውስጥ ገመዱ የሚያዞረው ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ላይ ደግሞ ከአሉሚኒዮም የተሠራ ትንሽ ጽዋ ተደፍቶበታል። ማግኔቱና ጽዋው ከቶ አይነካኩም። ነገር ግን ማግኔቱ በተሽከረከረ ጊዜ በጽዋው ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ይህም ኤሌክትሪክ ጽዋውን ከማግኔቱ ጋራ ሊያዞረው ይስበዋል። እንደ ሰዓት ሞላ የቀጠነ ሽቦ ደግሞ ጽዋውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የመሳቡና የመያዙ ኃይል በሚተካከሉበት ስፍራ ቀስቱ ይቆማል፤ ሾፌሩም ያን አይቶ 60 ነው ወይም 80 ነው ይላል። በዚያው መስኮት ውስጥ ያለው የኪሎ ሜትር ቈጣሪ ግን ከዚያው ገመድ በጥርስ ብቻ የሚነዳ ነው፤ ማግኔትም ሞላም አያሻውም። ይህ የሁለቱ ልዩነት ወደ ፊት ስለሚያስፈልግ አንባቢው በልቡ ይያዘው።

እንግዲህ ገመዱ የሚያውቀው የመንኰራኵሩን ዙር ነው እንጂ መንገዱን አይደለም። አንድ ዙር ይህን ያህል መንገድ ይሆናል ብሎ የወሰነው አውቶሞቢሉን የሠራው ፋብሪካ ነው፤ የወሰነውም ራሱ በመረጠው ጎማ ልክ ነው። ባለ ንብረቱ የጎማውን ልክ በለወጠ ጊዜ የፋብሪካው ውሳኔ ይፈርሳል፤ መለኪያው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ነገሩን በቍጥር ማየት ይሻላል። ጎማው 205/75 አር 15 ለነበረ አንድ አሮጌ ጂፕ መሰል አውቶሞቢል፥ መንገዱ ድንጋያማ ስለ ሆነ ከፍ ይበል ተብሎ 235/75 አር 15 ተደረገለት እንበል። የመጀመሪያው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 68 ሴንቲ ሜትር ከ85፥ ሁለተኛው 73 ሴንቲ ሜትር ከ35 ነው። ፊተኛው ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ16 ሲሄድ ኋለኛው 2 ሜትር ከ30 ይሄዳል። ልዩነቱ ከመቶ ስድስት ተኩል ነው። ቀስቱ 80 ሲል አውቶሞቢሉ የሚሮጠው 85 ነው፤ 100 ሲል 106 ተኩል ነው። በየጎማው ሱቅ እንዲህ ያለ ለውጥ በየቀኑ ይደረጋል፤ ሻጩ የሚያየው ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋራ እንዳይነካካ ብቻ ነው።

ስድስት ተኩል ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል ገብቶ የነዳጅ ደብተሩን ይመልከት። ሾፌሩ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ 800 ኪሎ ሜትር ሄዶ ተመለሰ እንበል፤ አውቶሞቢሉም በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነው። ሾፌሩ 100 ሊትር ነዳጅ አቃጥሏል። ቈጣሪው ግን በትልቁ ጎማ ምክንያት 751 ኪሎ ሜትር ብቻ ጽፏል። ሒሳብ ያዡ 751ን ለ8 ያካፍላል፤ 94 ሊትር ያገኛል፤ የቀረው 6 ሊትር ወዴት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ሾፌሩ የሚመልሰው የለውም፤ ምስክሩ ቈጣሪው ነበርና፥ ምስክሩ ከድቶታል። በወር አራት ጊዜ እንዲህ ያለ መንገድ ቢሄድ 24 ሊትር ጐደለበት ይባላል። ሁለተኛው ወር ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ሦስተኛው ላይ ከደመወዙ ይቈረጣል፤ ከዚያም በኋላ ነዳጅ ሻጭ የሚል ስም ይወጣለታል። በትጋቱ የተመሰገነ የቤተሰብ አባት ያልበላውን ዕዳ ከመክፈሉ ይልቅ የሚጐዳው ይህ ስም ነው። ጥፋቱ ግን የርሱ አልነበረም፤ ትልቁን ጎማ ገዝቶ ያስገጠመው ንብረት ክፍሉ ነው።

ነገሩ ደግሞ በተቃራኒው ይሆናል። ጎማው ከፋብሪካው ልክ ያነሰ እንደ ሆነ ቈጣሪው ያልተሄደ መንገድ ይጨምራል። ያን ጊዜ ደብተሩ ሁሉ የተስተካከለ ይመስላል፤ ትርፉ ነዳጅ ግን በጀሪካን ይወጣል። ይህን ምሥጢር የሚያውቅ ሾፌር መለኪያው እንዲቀና አይለምንም። ስለዚህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ መለኪያዎች ያሉ እንደ ሆነ አንዱ እውነተኛውን ሌባ ሲያሰኘው ሌላው ሌባውን እውነተኛ ያሰኘዋል። የሒሳብ መርማሪ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ይህን ሊለይ አይችልም።

ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ካህናት ይህን ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አያሻቸውም። መጥቅዕና አበቅቴ ተደምረው 30 እንዲሆኑ ግድ መሆኑን፥ ከሁለቱ አንዱን በአንድ የሳተ ሰው ደግሞ የነነዌን ጾም፥ ከዚያም ዐቢይ ጾምን፥ ከዚያም ትንሣኤን ተራ በተራ ከስፍራቸው እንደሚያናውጥ ያውቃሉ። ስሕተቱ በገባበት ዕለት አይታይም፤ በሩቅ ነው የሚታየው። የአውቶሞቢሉም ቈጣሪ እንዲሁ ነው። ዘይት በየ5000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ የተባለለት ሞተር በዚያው ትልቅ ጎማ ቈጣሪው 5000 እስኪል ድረስ የሄደው 5327 ነው፤ ይህ በየጊዜው ሲደጋገም የሞተሩ ዕድሜ ያጥራል፤ ማንም ግን ሞተሩ ስለ ምን ቶሎ ደከመ ብሎ ወደ ጎማው አያይም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሠጋው የሰው ሕይወት ነው። ፍሬን የተያዘበት አውቶሞቢል እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱ ከመቶ ስድስት ተኩል ያደገበት አውቶሞቢል ለመቆም ከመቶ 13 የሚበልጥ ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። በትምህርት ቤት ደጅ ምልክቱን አክብሬ እየሄድሁ ነው ብሎ የሚያምን ሾፌር ምልክቱን አላከበረም። ሕፃኑ ከመንገዱ ዳር ዘሎ በገባ ጊዜ የሾፌሩ እምነት ለማንም አይረዳም።

አንዳንድ የቈዩ ሾፌሮች ቀስቱን ሳናይ በሞተሩ ድምፅ ፍጥነቱን እናውቃለን ይላሉ። በጠጠር መንገድ በሚነዳበት ዘመን ይህ እውነት ነበር፤ አውቶሞቢሉ ራሱ ይንቀጠቀጥና ያስጠነቅቅ ነበር። ለስላሳ አስፋልት ላይ ግን ጆሮ ይታለላል፤ ረጅም ሜዳ አቋርጦ ወደ ከተማ የሚገባ ሾፌር 70 እየሮጠ 40 የሚሄድ ይመስለዋል። መለኪያ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በዓለም መንግሥታት ዘንድ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው 39ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ይህን ነገር ሲወስን የስሕተቱን ወገን ለይቶ ነው። ቀስቱ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ከቶ ማመልከት የለበትም፤ ከላይ ቢያመለክት ግን ከመቶ አሥር ላይ 4 ኪሎ ሜትር ተጨምሮ እስከሚሆነው ድረስ ይታገሠዋል። በእውነት 80 የሚሄድ አዲስ አውቶሞቢል ቀስቱ እስከ 92 ቢል ደንቡን አልተላለፈም ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ቀስቱን ጥቂት አስቀድመው ይሠሩታል። እንግዲህ ቀስቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ያገኘ ባለ ንብረት አይደንግጥ፤ ዝቅ ብሎ ያገኘ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ባለሙያ ይውሰደው።

ስሕተቱን ለማግኘት ትልቅ ዕውቀት አያስፈልግም። የኪሎ ሜትር ምልክት የተተከለበት ቀጥ ያለ መንገድ፥ ሰኮንድ የሚቈጥር ሰዓትና ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ይበቃሉ። ሾፌሩ ቀስቱን 60 ላይ አጽንቶ ይነዳል፤ ጓደኛው አንድ ምልክት ሲያልፉ ሰዓቱን አስነሥቶ አምስት ኪሎ ሜትር ሲሞላ ያቆመዋል። መለኪያው እውነተኛ ከሆነ ልክ 5 ደቂቃ ይሆናል። በዚያ በትልቁ ጎማ ግን 4 ደቂቃ ከ42 ሰኮንድ ይሆናል። 18000ን በሰኮንዱ ቍጥር ያካፈለ ሰው እውነተኛውን ፍጥነት ያገኛል፤ 18000 ለ282 ሲካፈል 64 ያህል ነው። ሰዓቱን ሾፌሩ ራሱ እንዳይዘው ያስፈልጋል፤ መለኪያ ለማቅናት ወጥቶ ገደል የገባ ሰው ማንንም አይጠቅምም። በእጅ ስልክ ውስጥ ከሳተላይት ፍጥነትን የሚያነብ መሣሪያም በቀጥታ መንገድና በጸና ፍጥነት እጅግ የታመነ ነው፤ በሰዓቱ የተገኘው በርሱ ቢረጋገጥ መልካም ነው።

ከፍጥነቱ ፈተና ጋራ የቈጣሪውም ፈተና መደረግ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ እንደ ተባለው ቈጣሪው በጥርስ ብቻ ይነዳል፤ ቀስቱ ግን በማግኔትና በሞላ ነው። ስለዚህ በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ቈጣሪው ልክ ሆኖ ቀስቱ ብቻ የተሳሳተ እንደ ሆነ ሕመሙ በመለኪያው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጎማውንና ካምቢዮውን የሚነካ ሰው በከንቱ ይደክማል። ቈጣሪውና ቀስቱ በአንድ ልክ የተሳሳቱ እንደ ሆነ ግን ሣጥኑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከጎማው ወይም ከጥርሱ ነው። ይህን ሳይለይ መለኪያውን ፈትቶ ሌላ አሮጌ መለኪያ ገዝቶ የሚተካ መካኒክ ብዙ ጊዜ ከስሕተት ወደ ስሕተት ይሻገራል፤ መለኪያዎች ሁሉ አንድ አይደሉምና። የጃፓን ሥራ የሆኑት በብዛት ገመዱ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ እንዲዞር የተሰናዱ ናቸው፤ የአሜሪካኖቹ ደግሞ በአንድ ማይል 1000 ጊዜ። በማይል የተጻፈውን በኪሎ ሜትር አስመስሎ የሚያነብም አይጠፋም፤ 50 ማይል 80 ኪሎ ሜትር ነው።

ቮልስ እየተባለ በፍቅር የሚጠራው አሮጌው ቮልስዋገን ከሌሎቹ ይለያል። የርሱ ገመድ የሚነሣው ከካምቢዮው አይደለም፤ ከፊተኛው የግራ መንኰራኵር መካከል ነው። የኋላ ጎማዎቹን የለወጠ ሰው በመለኪያው ላይ ያደረሰው ነገር የለም፤ የፊተኛውን የግራ ጎማ የለወጠ ግን መለኪያውን ለውጧል። ያ ጎማ አየሩ ቢጐድል ወይም ጥርሱ ቢያልቅ ቀስቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል።

ወደ ማቅናቱ ስንመለስ፥ ሕመሙ የጎማ ከሆነ ከሁሉ የሚቀናው መድኃኒት ፋብሪካው ወደ ወሰነው ጎማ መመለስ ነው። ትልቁ ጎማ ለመንገዱ ግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን በካምቢዮው ላይ ገመዱን የሚነዳው ትንሽ ጥርስ ይለወጣል። በምሳሌው አውቶሞቢል ላይ ጥርሱ 33 ቢሆን 31 ባለው ይተካል፤ 33 ለ31 ሲካፈል የሚገኘው ከመቶ ስድስት ተኩል ያህል ብልጫ ነውና ገመዱ በዚያው ልክ ፈጥኖ ይዞራል፤ የሚቀረው ስሕተት ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ዋጋውም ከአዲስ ጎማ ዋጋ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም። ተስማሚ ጥርስ የታጣ እንደ ሆነ በገመዱ መካከል የሚገባ ትንሽ የጥርስ ሣጥን ሊሠራለት ይቻላል። ገመድ በሌላቸው፥ ዙሩን በኤሌክትሪክ ምልክት በሚልኩት መለኪያዎች ላይ ደግሞ ይህን ምልክት የሚያስተካክል የኤሌክትሪክ ሣጥን ይገጠማል።

ሕመሙ በመለኪያው ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ የሰዓት ሠሪ እጅ ያለው ባለሙያ ያሻዋል። በዘመን ብዛት ማግኔቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ቀስቱ ዝቅ ይላል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ወይም ሞላው ይልማል፤ ያን ጊዜ ቀስቱ ከፍ ይላል። ባለሙያው ገመዱን በታወቀ ፍጥነት በሚያዞር ሞተር ላይ መለኪያውን ገጥሞ ይፈትነዋል፤ 637 ባዩ መለኪያ በደቂቃ 637 ጊዜ ሲዞር 60 ማመልከት አለበት። ከዚያም የማግኔቱን ኃይል ወይም የሞላውን ውጥረት ያስተካክላል። ቀስቱ የሚርገበገብ ወይም ገመዱ የሚጮኽ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ገመዱ ተስቦ ይታጠብ፥ በቀጭን ግራሶም ይቀባ። ወደ መለኪያው የሚገባው ጫፉ ብቻ አይቀባ፤ ግራሶው እየወጣ ጽዋውን ከማግኔቱ ጋራ ያጣብቀዋልና፥ ለመጠገን የተደረገው ማበላሸት ይሆናል።

እዚህ ላይ በየጋራዡ የሚሠራ አንድ አጕል ብልኃት ሳይነሣ አይታለፍም። ቀስቱን ነቅሎ በ60 ላይ ልክ እንዲሆን አዙሮ መልሶ መትከል ነው። ነገር ግን የጎማ ስሕተት በፍጥነቱ መጠን የሚያድግ ሲሆን ቀስትን ማዞር በሁሉም ላይ እኩል ነው የሚጨምረው። እንዲህ የተደረገለት መለኪያ በ60 አካባቢ እውነት ይናገራል፤ በእውነት 20 ሲሄድ 23 ይላል፤ በእውነት 100 ሲሄድ 98 ይላል፤ አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ ቀስቱ 4 ላይ ይሄዳል። ኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ደግሞ ከቶ አልነካውም፤ የነዳጁ ደብተር እንደ ተሳሳተ ይኖራል።

ቈጣሪውን ወደ ኋላ መልሶ አውቶሞቢሉን ብዙ ያልሠራ አስመስሎ መሸጥ ደግሞ ስሕተት ሳይሆን ወንጀል ነው። መለኪያን ማቅናት ከዚህ ጋራ እንዳይደባለቅ ሁሉን በጽሑፍ ማኖር ይገባል። መለኪያው በተነካ ቀን ቈጣሪው ላይ የነበረው ቍጥር፥ የስሕተቱ መጠን፥ የተለወጠው ዕቃና የባለሙያው ፊርማ በአውቶሞቢሉ ደብተር ይጻፍ። ያለፈው ቍጥር አይፋቅ።

ገንዘብ ለማያወጣ ገጠር ደብር ወይም ትንሽ መሥሪያ ቤት ደግሞ ምንም የማያስወጣ መንገድ አለ። ፈተናው በ30፥ በ50፥ በ60፥ በ80 ተደርጎ የተገኘው እውነተኛ ፍጥነት በትንሽ ካርቶን ተጽፎ ከቀስቱ አጠገብ ይለጠፍ፤ በነዳጁም ደብተር ላይ ቈጣሪው በስንት መባዛት እንዳለበት ይጻፍ። ለምሳሌው አውቶሞቢል ብዜቱ 1.065 ነው። ሒሳብ ያዡ 751ን በዚህ ሲያበዛ 800 ያገኛል፤ የሾፌሩም 6 ሊትር ተመልሶ ይገኛል።

ይህን ማዘዝ የማን ሥራ ነው የሚለው ብዙ የሚያከራክር አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊው፥ በየገዳሙና በየደብሩ መጋቢው ያዝዘዋል፤ አንድ አውቶሞቢል ለመፈተን ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። የመሥሪያ ቤት የበላይ የሆነ ሰው በነዳጅ ጕድለት የተከሰሰ ሾፌር ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ በደረሰ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት የአውቶሞቢሉ መለኪያ መቼ ተፈተነ ብሎ ቢጠይቅ አስቸጋሪ ጥያቄ አልጠየቀም። በጃፓን አገር በየጊዜው በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ አውቶሞቢሉ በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ቀስቱ 40 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ስንት እንደ ሆነ ይለካል። በኢትዮጵያም ቦሎ ለማሳደስ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህ በአግባቡ እንዲታይ፥ ብረቱ በሌለበት ጣቢያ እንኳ የተገጠመው ጎማ ከፋብሪካው ልክ ጋራ እንዲመሳከር ማድረግ ይቻላል። የጎማው ልክ በጎማው ጐን ተጽፏል፤ የፋብሪካውም ልክ በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች በበሩ ዐምድ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሁለቱን ማንበብ ነው።

ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ምእመናንን ጭነው የሚወርዱት ከነዚሁ አሮጌ አውቶቡሶችና አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ናቸው። ጕዞውን የሚያሰናዱ ማኅበራት ከባለ ንብረቱ ጋራ በሚዋዋሉበት ወረቀት ላይ ከፍሬኑና ከጎማው ቀጥሎ መለኪያው የተፈተነበትን ቀን የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨምሩበት፤ ቀኑን የማይጽፍ ባለ ንብረት ከጕዞው ሳምንት በፊት ወጥቶ አምስቱን ኪሎ ሜትር በሰዓት ይለካ።